ዘንድሮ ድግስ ርካሽ ነው!

ኮሮና የገባበትን ዓመት ሰው ሁሉ የሚያወራው ፊቱን አጨፍግጎ ነው። አይፈረድበትም። ስንቱን ወዳጅ ወስዶብናል፤ ስንቱን ከእንጀራው አፈናቅሏል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ውድ አንባብያን፦ ያንን ዓመት አስታውሳችሁ ብቻችሁን ፈገግ ብላችሁ አታውቁም? ታክሲ ውስጥ ባስነጠሰው ምስኪን ላይ የፈጠጠው ዓይን ሁሉ ትዝ አይላችሁም? መጨባበጥ ቀርቶ በክርን ስንጓሸም፣ በጫማ ጫፍ ስንረጋገጥ፣ ሰላምታችን ከጠብ የማይለይበት ጊዜ አልነበረም?

እኔ ብዙ ስቄያለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩትም ያንኑ ነው። በመሃል ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀጥ ያለበት ጊዜ አለ። እሱንም አልደብቃችሁም፤ የጨዋታው ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ነገሩ የሆነው ጎብዬ ነው። ጎብዬን ለማታውቋት፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆቦ ቆላ ከተማ ናት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማሽላዋ በደህና ዓመት ሰው ይሰውራል። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ተገትሮ ያያችኋል። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲሄድ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። ሰላምታችንን ደግሞ ተዉት! እጅ ይያዛል፣ ይሳማል፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው በየተራ ይጠየቃል፤ ከዚያ ያው እጅ እንደገና ይሳማል። «አትነካኩ» የሚል በሽታ እንዲህ ባለ አገር ላይ ሲመጣ ምን ይፈጠራል? እንግዲህ ስሙኝ።

አሥራ አራት ቀን ከጎተራው ጋር

የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሳምንት ሳይሞላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ ኮሌጅ አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ተማሪ ከሌለ ፎቶ ኮፒ ማን ያነሳል? ባለቤቷ «ለሁለት ሳምንት አረፍ በሉ» አለችን። ያቺ ሁለት ሳምንት ስትለጠጥ፣ ስትለጠጥ ሰባት ወር አለፋት።

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ለእናቴ ስጦታ አሰብኩ። ያን ሰሞን «ለኮሮና ፍቱን ነው» የሚል ወሬ ተነዝቶ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነክቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ በሹራብ ጠቀለልኩት። እናቴ በኋላ ዋጋውን ስትሰማ «በዚህ ገንዘብ ጠቦት አትገዥም ነበር?» ብላኛለች።

የአውቶቡሱ ጉዞ ራሱ አንድ ቴአትር ነበር። ከአንዱ ኬላ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ገባና የሙቀት መለኪያዋን በያንዳንዳችን ግንባር ላይ እንደ ሽጉጥ ይደግን ጀመር። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። «ልጄ፣ የያዝኩት የበግ ዋጋ ብቻ ነው፤ ውሰድና ነፍሴን ተውልኝ» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ አወካ። ወጣቱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ኬላ በኋላ የማይተዋወቀው ተሳፋሪ ሁሉ ዘመድ ሆነ።

ጎብዬ ስደርስ ግን ዘመድ ተብዬው ሁሉ በሩቁ ቆመ። ሬዲዮ አሥራ አራት ቀን ተለይታችሁ ቆዩ የሚለው ከውጭ አገር ለሚገባ መንገደኛ ነበር። ለአያቴ ግን አዲስ አበባም ውጭ አገር ናት። «ደህና ግቢ፣ የኔ ልጅ! እዚያው ቁሚ!» ነበር ያሉኝ፣ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ። ከጓሮ ያለችው የእህል ክፍል ተጠረገችልኝ። እኔና የማሽላው ጎተራ አሥራ አራት ቀን አብረን ከረምን ማለት ነው።

የሰፈሩ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እየተሿለኩ «አሥራ አራት! አሥራ አራት!» እያሉ ያዩኝ ነበር። ስሜ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ጎብዬ ስሄድ ጢም ያወጣ ጎረምሳ «አሥራ አራት፣ መቼ መጣሽ?» ይለኛል።

ርቀቱን የወሰኑት አጎቴ ናቸው። ሬዲዮ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ይላል። በኛ ሰፈር ይህ ክርክር አስነሣ። የማን እርምጃ? የአጎቴ እርምጃ የእናቴን ሁለት ነው። በመጨረሻ አጎቴ ዱላቸውን ከበሬ ፊት መሬት ላይ አጋደሙና «ድንበሩ ይኸ ነው» አሉ። ይህቺ ዱላ በኋላ የሰፈሩ ሕግ ሆነች። ሁለት ወንዶች መንገድ ላይ ሲገናኙ በየዱላቸው ጫፍ ተነካክተው፣ የከብቱንም የማሳውንም ደህንነት ጠያይቀው ይለያያሉ። እጅ መሳሙ ቀረ እንጂ ሰላምታው አንዲት ቃል አልጎደለበትም። እንዲያውም ረዘመ! ሰው በእጁ መናገር ያቃተውን ሁሉ በአፉ ይለው ጀመር።

ምግቤን የምታመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነበረች። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ። ሳህኑን ዱላው ላይ ታስቀምጥና ዞር አትልም። ትቀመጣለች። ከጉያዋ ደብተር ታወጣለች። «እስቲ ይቺን ሂሳብ እይልኝ» ትላለች። እኔ ከጎተራው በር፣ እሷ ከዱላው ማዶ ሆነን እየጮህን አልጀብራ እንሠራለን። ጎረቤት የሚሰማው «ኤክስን ወደዚያ አሻግሪው!» የሚል ጩኸት ነው። አንዲት ባልቴት እናቴን «ኤክስ ማነው? ምን አድርጎ ነው ከአገር የሚሻገረው?» ብለው ጠይቀዋታል፣ እውነት እውነት እላችኋለሁ።

ቴሌቪዥኑን የሳሙት አያቴ

አሥራ አራት ቀኔን ጨርሼ ስወጣ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የለም፤ መጨባበጥ የለም፤ ተሽከርካሪ የሚጭነው ግማሽ ሰው ነው፤ ያለ ጭምብል ሕዝብ ወዳለበት መውጣት ክልክል ነው። በየደጁ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ተሰቅሏል። የኛን ጀሪካን ታናሽ ወንድሜ በእግር በሚረገጥ ገመድ እንዲዘነበል አድርጎ ሠራው። ፍየሏ ግን ከሁላችንም ቀድማ አጠቃቀሙን አወቀች። ጠዋት ስንነሳ ጀሪካኑ ባዶ፣ ፍየሏ የጠገበች!

ጭምብልማ ጉድ ነው። ባጃጅ ውስጥ አንድ ጭምብል ለሦስት ሰው ሲያገለግል በዓይኔ አይቻለሁ። ፖሊስ ሲታይ መሪው ላይ ያለው ያደርጋል፤ ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ያቀብላል። አንዱ ጎረምሳ ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ ሲሄድ ያዩት አያቴ «ልጄ፣ በሽታው በጢም በኩል ነው እንዴ የሚገባ?» ብለው አሳፍረውታል።

የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ብዙው ሰው ከቤቱ ነበር ያከበረው። የሃይማኖት ተቋማት በጋራ ያወጁት የአንድ ወር ጸሎትም በየቀኑ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ከደጃፍ አውልቀው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማሉ። አንድ ቀን ቄሱ መስቀሉን ወደ ካሜራው ከፍ ሲያደርጉ አያቴ ጠጋ ብለው ስክሪኑን ሳሙት። እናቴ ደንግጣ ጨርቅና አልኮል ይዛ መጣችና ስክሪኑን ጠረገችው። አያቴ ዞር ብለው አዩአትና «አሁን ማንን ከማን ለማዳን ነው?» አሏት። መልስ የለም!

ስልክ ስንደውል ደግሞ ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። አያቴ ያቺን የመልእክት ልጅ በጣም ወደዷት። «እሺ የኔ ልጅ፣ ታጥቤያለሁ፤ አንችም ተጠንቀቂ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ካዳመጧት በኋላ «እንዲህ ስትለፈልፍ ትውላለች፣ ውኃ እንኳ የሚያቀብላት የለም» ብለው አዘኑላት።

አያቴ በሽታውን ያን ያህል አልፈሩትም። ከእናታቸው የሰሙት የኅዳር በሽታ አለ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የጉንፋን ወረርሽኝ በአገራችን ያንን ስም ይዞ ቀርቷል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጤሰውም እሱን እያስታወስን ነው። «ያ በሽታ ቤት ሙሉ ሰው ጨርሶ ሄደ፤ ለኛ የቀረን ጭሱ ነው። ይኸኛውም ሲሄድ አንድ ነገር ትቶ ይሄዳል። ምን ትቶ እንደሚሄድ ማየት ነው» ይሉ ነበር።

አራት አራት እየሆናችሁ ግቡ!

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን ሠርግ ሆነ። ሙሽሮቹ ሁለቱም ከሃያ ዓመት ያለፉ፣ ዓመት ሙሉ የተጠናኑ ናቸው። አዋጁ ደግሞ አራት ሰው ይላል። ምን ተደረገ መሰላችሁ? የሙሽራዋ አባት ከበሩ ላይ ዱላቸውን አጋድመው ቆሙና «አራት አራት እየሆናችሁ ግቡ!» አሉ። አራት ሰው ይገባል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይወጣል። ሌላ አራት ይገባል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተጀመረው ሠርግ ጨረቃ ወጥታም አላለቀ። ሙሽራዋ ምስኪን ተነሺ ተቀመጪ ስትባል ውላ ማታ እግሯ አብጦ በሞቀ ውኃ ተዘፈዘፈ። አዋጁ አልተጣሰም፤ ሠርጉም አልቀረም!

ግን ወጪው ቀንሶ ነበር። ዳስ የለም፤ በሬ አልታረደም፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ጠላው በጋን ሳይሆን በእንስራ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። «ዘንድሮ ድግስ ርካሽ ነው!» ይባላል። እኔም ከሰዉ ጋር ስቄያለሁ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው ያቺ ቃል ተመልሳ የመጣችብኝ። ቡና ላይ ተቀምጠን አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔም አስቤያለሁ። ልጅቷን የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። ደህና ቤተሰብ ናቸው። ትምህርቱም ተዘግቷል፤ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። የሰኔ ጾም ሳይገባ ብጨርሰውስ? ዘንድሮ ድግስ ርካሽ ነው» አሉ።

ልጅቷ ቡና ትቀዳ ነበር። አንገቷን አላቀናችም። ጀበናው ብቻ ሲኒውን ስቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

ውድ አንባብያን፣ አጎቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሏቸው። ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ለጎረቤት ደራሽ ሰው ናቸው። ሒሳባቸው ግን እንዲህ ነበር፦ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሴት ልጅ ያለ ሥራ ከቤት ስትውል ወሬ ይነሳል ብለው ይፈራሉ። የወትሮ ሠርግ ዕዳ ውስጥ ይከታል፤ የዘንድሮው አይከትም። ታዲያ ለምን አሁን አይሆንም?

እኔም አጉረመረምኩ። «አጎቴ፣ ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል» አልኩ። «ፍርድ ቤቱም ተዘግቷል ይባል የለ?» አሉኝ። ቀልዳቸው ነበር። ግን ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ፤ ያ እውነት ነው ያስፈራኝ። በደህናው ጊዜ አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ሲባል ከመምህሯ ጆሮ ይደርሳል። ሹክ የምትል ጓደኛ አለች። ከክፍል ስትጠፋ «የት ሄደች?» የሚል የስም ጥሪ አለ። በዚያ ዓመት በአገራችን 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ከትምህርት ቤት ውጭ ሆኖ ነበር። ሁሉም ቀሪ በሆነበት ክፍል ማን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አለ? የለም። አንዲቱ ብትጎድል የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ከሷ ጋር ስምንት ክፍል ድረስ ከተማሩት መካከል ስንቶቹ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሱ ስለማውቅ ነው ያ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ ራሴ ከአሥራ ሁለተኛ አላለፍኩም። ግን ያቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት ፎቶ ኮፒ ቤት ያስገባችኝ፤ እነሆ ይህንንም ጽሑፍ የምታስጽፈኝ እሷው ናት።

በማግስቱ ወደ አያቴ ሄድኩ። እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አያቴ ምጣዱን ከደኑና ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ ስዳር የወተት ጥርሴ ገና አልረገፈም ነበር። አንዱ የረገፈልኝ በአማቴ ቤት ነው። ጣራ ላይ የሚወረውርልኝ ሰው አጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ከረምኩ» አሉ።

ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። አጎቴ ዘንድ አልሄዱም፤ አስጠሯቸው። የእናት ጥሪ ነው፣ መጡ። እኔ ልመና ወይም ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። አያቴ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው።

«ልጅህን ልትድር ነው አሉ?»

«አዎ እምዬ፣ እንደው ዘንድሮ...»

«በስንት ሰው?»

«ያው... አራት አራት እየሆኑ ነዋ።»

«እኔ የመጀመሪያ የልጅ ልጄን እንደ ሰርቆ አደር በአራት ሰው አልድርም! ዳስ ሳይጣል? ከበሮ ሳይመታ? ያገሬ ሰው እጄን ይዞ እንኳን ደስ ያለሽ ሳይለኝ? አገር ምን ይለኛል? ኮሮና ሄዶ ሰው እጅ እስኪሳሳም ድረስ በዚህ ቤት ሠርግ የለም!»

አጎቴ የሚመልሱት ጠፋቸው። ስለ ሕግ ብንነግራቸው ይከራከሩ ነበር። ስለ ትምህርት ብንነግራቸው ዝግ ነው ይሉ ነበር። የእናት ክብር ላይ ግን ምን ይባላል? ርካሹ ድግስ በዚያው ሰዓት እጅግ ውድ ሆነ። የጠያቂዎቹም ቤተሰብ ተነገራቸው፣ ሰኔም ገባ። አያቴ ወደ እኔ ዞር ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። «ኮሮና ለአንድ ነገር ጠቀመ» አሉ ቀስ ብለው።

በርበሬ በርበሬ የሚሸት ብር

ክረምቱን ከጓሮ ዛፍ ሥር «ትምህርት ቤት» ከፈትን። በመጀመሪያ እኔና የአጎቴ ልጅ፣ ከዚያ ሁለት ጓደኞቿ። አራት ሆንን፤ አዋጁን ጠበቅን! ነሐሴ 16 ቀን ሲደርስ በራያ ቆቦ የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሶለል መጣ። ወትሮ አደባባዩን የሚሞላው ጨዋታ በኛ ሰፈር በየግቢው ሆነ። የኔዎቹ ሦስት ተማሪዎች በሹሩባቸው ላይ ቅቤ፣ በፊታቸው ላይ በነጠላ ጥለት ያሸበረቀ የጨርቅ ጭምብል አድርገው መጡ። ጭምብሉን ራሳቸው ናቸው የሰፉት። እንዲህ ያለ ቄንጥ ቦሌም አልነበረም።

አዲሱ ዓመት ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ ገባ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ተቀየረ ተባለ። አሥሩ፣ ሃምሳው፣ መቶው አዲስ ሆኖ፣ ሁለት መቶ የሚባል ብር ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። አሮጌውን በጊዜው ያልቀየረ ወረቀት ታቅፎ ይቀራል። ያን ሰሞን በየቤቱ ስንት ምሥጢር ወጣ! ባል ከሚስት የደበቀው፣ ሚስት ከባል የሰወረችው፣ ሁሉም በየምክንያቱ ብቅ አለ።

የኛ ቤት ምሥጢር ከበርበሬው ቅል ውስጥ ወጣ። አያቴ አንድ ማለዳ በላስቲክ የተጠቀለለ ገንዘብ ይዘው መጡና «ባንክ ውሰጅኝ» አሉኝ። ስንቆጥረው 11,400 ብር ነው። ለስንት ዓመት፣ እንቁላል እየሸጡ፣ ፈትል እየፈተሉ፣ ለተዝካራቸው ያስቀመጡት ነው።

ባንክ ቤት ስንደርስ ሰልፉ ርቀቱን ጠብቆ እስከ ውጭ ወጥቷል። ተራችን ደርሶ ወጣቱ ገንዘብ ተቀባይ ጥቅሉን ፈታ። አንዱን እስር አራግፎ መቁጠር ሲጀምር ፊቱ ተኮማተረ። «ሃ... ሃ...» አለ። ከዚያ እንዲህ ያለ ማስነጠስ ሰምቼ አላውቅም። ደገመ፤ ሠለሰ። ዞር ስል ሰልፉ የለም! ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቷል፤ ዘበኛው ሳይቀር። አያቴ ብቻ መስኮቱ ላይ ቀርተው «አይዞህ ልጄ፣ የኔ በርበሬ ነው፤ ዘንድሮ ደህና ወጥቶልኛል» ይላሉ። ልጁ እንባውን እየጠረገ፣ ወረፋ የሚጠብቅ በሌለበት ባንክ፣ በሰላም አስተናገደን። አያቴም በሰባ ምናምን ዓመታቸው አውራ ጣታቸውን አጥቅሰው የባንክ ደብተር አወጡ።

ሳቃችንን ሳንጨርስ አንበጣው መጣ። በዚያ መኸር የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦን ክፉኛ መታው። ሰማዩ ቡና ዓይነት ሆነ፤ ማሽላው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እንደ ዝናብ ነው። ቆርቆሮ እየደበደብን፣ ጅራፍ እያጮህን ስንሮጥ ሰነበትን። ያኔ ዱላ መለካት ቀረ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ነው የጮኸው። የአጎቴ ማሳ ግን ከግማሽ በላይ አገዳ ብቻ ቀረ።

ያ ነገር እንደገና ተነሳ። «ጥር ላይ ልዳራት ነው። ጥሎሹ ክረምቱን ያሻግረናል» አሉ አጎቴ። አሁን የድግሱ ጉዳይ አልነበረም፤ የሆድ ጉዳይ ነው። በክብር የሚመለስ አይደለም።

አያቴ ያዳመጡት ቁጭ ብለው ነው። «ስንት ይሰጡሃል?» አሉ። አጎቴ ተናገሩ። አያቴ ከጉያቸው የባንክ ደብተራቸውን አወጡና ከፊታቸው አስቀመጡት።

«እኔ ከዚያ እበልጣለሁ። ልጅቷን ለእኔ ዳራት።»

«እምዬ! ይኸ የተዝካርሽ ገንዘብ...»

«ዘንድሮ ተዝካርም በአራት ሰው ነው። አራት ሰው ለማብላት ይኸን ሁሉ ምን ያደርግልኛል? በል፣ ጥሎሹን ተቀበል። ሙሽራዬ ዛሬ ወደ ቤቴ ትገባለች። ደብተሯንም ይዛ ትምጣ።»

አጎቴ አጎንብሰው ቆዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲሉ ሁለቱንም ያደርጉ ነበር፤ እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል። ከገንዘቡ ለእህል የሚሆነውን ብቻ ወሰዱ። የቀረው ደብተር፣ እስክሪብቶና የደንብ ልብስ ሆነ። ጥቅምት 9 ቀን ትምህርት ቤቶች ከገጠር ጀምረው በየተራ ሊከፈቱ ሲጀመር «ሙሽራዋ» ጭምብሏን አድርጋ፣ ከአያቴ ቤት ወጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። የስም ጥሪው ላይ «አለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ጎብዬ ያየችውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከደጃችን ደርሶ ስንቱን ቤት አፈረሰ። ያንን በዚህ ገጽ አልዘረዝረውም፤ ለቀልድ አይመችም። የልጅቷም ትምህርት ደጋግሞ ተቆራርጦባታል። ግን በተቋረጠ ቁጥር ካቆመችበት ትጀምራለች። ዘግይታም ቢሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። አያቴ እስካሁን የሚጠሯት «ሙሽራዬ» ብለው ነው። የማያውቃቸው ሰው ግራ ይጋባል።

እንግዲህ የዚህ ገጽ ወግ ነውና ምክር ቢጤ ጣል ላድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና የዓለም አስቸኳይ የጤና ስጋት መሆኑ አብቅቷል ያለው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በሽታው ቢሄድም የሚዘጋ በር አይጠፋም። አንዴ በጦርነት፣ አንዴ በድርቅ፣ አንዴ በኑሮ ውድነት ይዘጋል። በር ሲዘጋ ሁላችንም የምንቆጥረው የኛን ጉዳት ነው። እስቲ ደግሞ ይህንን ጠይቁ፦ ይኸ በር ሲዘጋ በጸጥታ የምትጠፋው ማናት? ቡና እየቀዳች አንገቷን የደፋችው የትኛዋ ናት?

ለትዳር የሚጠደፍ ወላጅ ሲገጥማችሁም ቀጥታ ከመጋጨታችሁ በፊት ሒሳቡን እወቁት። ሒሳቡ ክብር ከሆነ በክብር ይመለሳል። ሒሳቡ ረሃብ ከሆነ ግን ምክር ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ከየቅላችን የምናወጣው ነገር ያስፈልጋል። አቅም ባይኖራችሁ እንኳ ከዛፍ ሥር አንዲት ሂሳብ ማሳየት አያቅታችሁም። ከዚያ የባሰ ሲሆን ደግሞ ሕግም ጎረቤትም አለ፤ ዝም አትበሉ።

አያቴ «ምን ትቶ እንደሚሄድ ማየት ነው» ብለው አልነበር? የኅዳር በሽታ ጭሱን ትቶልን ሄደ። ኮሮና ደግሞ ለኛ ቤት አንዲት ደብተር የያዘች ሙሽራ ትቶ ሄዷል። ለእናንተስ ቤት ምን ትቶ ሄደ?

ሳምንት በደህና ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!